ማዘዝ ሲችል የለመነ



ስለ መንፈሳዊ ሥልጣን ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከትልልቁ ነገር ነው፤ ከመንበሩ፣ ከመስቀሉ፣ ከመድረኩ፣ ከማዕረጉ። ዛሬ ግን ከአንዲት አጭር ደብዳቤ ልጀምር። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፋት መልእክት አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፤ 25 ቁጥር። በስብከት ላይ እምብዛም አትጠቀስም። እኔ ግን ሥልጣን፣ ጸጋና ክብር በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ ለማየት ከእርሷ የተሻለ ገጽ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሞና በቆላስይስ የሚኖር፣ ቤቱ ለምእመናን ጉባኤ መሰብሰቢያ የሆነ፣ ባሪያ የሚያሳድር ሰው ነበር። ወደ እምነት ያመጣውም ጳውሎስ ነው። አናሲሞስ የሚባለው ባሪያው ከእርሱ ተለይቶ፣ ምናልባትም አንዳች ነገር አጥፍቶ፣ ጳውሎስ ታስሮ ወደነበረበት ስፍራ ደረሰ። እዚያም አመነ፤ እስረኛውንም ያገለግለው ጀመር። በሮም ሕግ የኮበለለ ባሪያ ሲያዝ ጌታው ሊያስገርፈው፣ ግንባሩን በጋለ ብረት ሊያስተኩሰው ይችላል። ጳውሎስ ይህን ሰው ወደ ጌታው ሲመልሰው ደብዳቤ አስያዘው።

ደብዳቤውን የከፈተው ፊልሞና መጀመሪያ የሚያየው አንድ የጎደለ ነገር ነው። ጳውሎስ ለሮም፣ ለቆሮንቶስ፣ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ሐዋርያ መሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። እዚህ ማዕረጉን ትቶታል። ራሱን የሚጠራው እስረኛ ብሎ ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ በክርስቶስ የማዘዝ ድፍረት እንዳለው ይናገራል፤ ነገር ግን ስለ ፍቅር ብሎ መለመንን እንደመረጠ ያስረዳል፤ ያውም ሽማግሌ ሆኖ፣ በእስራት ላይ እያለ። አናሲሞስን አጠገቡ ሊያስቀረው ፈልጎ ነበር። ያለ ፊልሞና ፈቃድ ግን ምንም ሊያደርግ አልወደደም፤ በጎነቱ ከግዴታ ሳይሆን ከልቡ እንዲወጣ። ከዚያም ከሁሉ የከበደውን ይጠይቀዋል፤ አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው። ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠርልኝ ይላል፤ በገዛ እጁም ይጽፍለታል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ደብዳቤው ጫና የለበትም ማለት አይቻልም። ፊልሞና ራሱ ነፍሱን ጭምር የጳውሎስ ባለዕዳ መሆኑን ጠቆም ያደርገዋል። ደብዳቤውም የተጻፈው ለእርሱ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ጭምር ስለሆነ በጉባኤው ፊት ሳይነበብ አይቀርም። ጳውሎስ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ያንንም በግልጽ ይጠይቃል። በመለመንና በማስገደድ መካከል ያለውን መስመር ግን አልተሻገረም። የመጨረሻውን እርምጃ ለፊልሞና ተወለት።

ከዚህ የምወስደው አንድ ሐሳብ አለ፤ የዛሬው ንግግሬም እርሱ ነው። ከጸጋ የመጣ ሥልጣን መብቱን አሟጦ አይጠቀምም። ሊያዝዝ የሚችለውን ይለምናል፣ ሊወስድ የሚችለውን ይተዋል፣ ሊጠይቅ የሚችለውን ክብር ለሌላው ያሳልፋል። ይህን የሚያደርገው ከሥሩ ያለው ሰው ወድዶ የሚታዘዝበት ስፍራ እንዲያገኝ ነው። ጳውሎስ ይህን ልማድ ያደረገው ለፊልሞና ሲል ብቻ አይደለም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል የመኖር መብት እንዳለው በብዙ ማስረጃ ከሞገተ በኋላ፣ እርሱ በዚህ መብት እንዳልተጠቀመ ይናገራል። በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። መብቱን መጀመሪያ ማስረዳቱን ልብ በሉ። አገልጋይ ሊራብ ይገባዋል አላለም፤ ዛሬም በየገጠሩ ደመወዝ ሳያገኙ የሚቀድሱ ካህናትና የሚያስተምሩ ወንጌላውያን ስላሉ ይህንን በዝምታ ማለፍ አልፈልግም። መብቱ እውነተኛ መብት ነው። የተተወውም በባለ መብቱ ፈቃድ ነው።

ሥልጣን ያለው ሰው ይህን ነፃነት ከየት ያገኘዋል? ከጸጋ ነው። ያልለፋበትን ነገር የተቀበለ ሰው፣ የሚያጣው እየመሰለው አጥብቆ አይጨብጠውም። ጴጥሮስን አስቡት። በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ የፍም እሳት እየሞቀ፣ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ዮሐንስ በወንጌሉ መጨረሻ እንደሚነግረን በጎቹን የመጠበቅ አደራ የተሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በባሕር ዳር፣ እንደገና የፍም እሳት ባለበት ስፍራ ነው። አደራው ሲሰጠው የክህደቱ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ይህ ሰው በኋላ ቆርኔሌዎስ በእግሩ ላይ ሲወድቅ ያነሣዋል፣ እርሱም ሰው እንደሆነ ይነግረዋል። በመልእክቱም ሽማግሌዎችን ሲመክር መንጋውን በግድ እንዳይገዙ፣ ለነውረኛ ጥቅም እንዳይጠብቁ፣ ምሳሌ እንዲሆኑ ይለምናል። ይህን የጻፈው በምሕረት የቆመ ሰው ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ይህን ሐቅ በየዕለቱ የሚያሳይ ነገር አለ። የንስሐ አባት «ይፍቱኝ» ብሎ የሚመጣውን ይፈታል። የራሱን ኃጢአት ግን ራሱ ሊፈታ አይችልም። እርሱም የንስሐ አባት አለው፣ በዚያ ፊት ቆሞ ያንኑ ቃል ይናገራል፤ ጳጳስም ቢሆን። ማንንም ከምሕረት ተቀባይነት የሚያወጣ ማዕረግ የለም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢውን የሚጠይቅ የሽማግሌዎች ጉባኤ መኖሩ ከዚሁ እምነት የመጣ ነው። የምሰጋው ሥርዓቱ በወረቀት እየኖረ ሽማግሌዎቹ በመጋቢው የተመረጡ፣ በመጋቢው የሚሻሩ ሲሆኑ ነው።

ስለ ጸጋ ካነሣሁ የግያዝን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ለዘመናችን የተጻፈ ይመስለኛልና። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ በነጻ ጊዜ ለኤልሳዕ ስጦታ ሊሰጥ ለመነ። ኤልሳዕ በሕያው እግዚአብሔር ምሎ እምቢ አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ ንዕማንን ደረሰበት፣ ጌታዬ ልኮኛል ብሎ አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ጠየቀው። ንዕማን ብሩን ሁለት መክሊት አድርጎ ሰጠው። ታሪኩ ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ግያዝ ስስትና ስለደረሰበት ለምጽ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ንዕማን ነው። ይህ ሰው አምላክን ባወቀበት በመጀመሪያው ቀን ፈውስ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ ተምሮ ነበር። ኤልሳዕ ስጦታውን እምቢ ሲል ያስተማረው ትምህርት ይኸው ነበር። ግያዝ ይህን ትምህርት በአንድ ሰዓት ውስጥ አበላሸበት። ንዕማን ወደ ደማስቆ ሲመለስ የእስራኤል አምላክ ሰውን በስንት ብር እንደሚፈውስ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

እንግዲህ አስቡ። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ሌሊት በስልኳ የሚተላለፍ ጸሎት እያየች፣ በምስሉ ሥር የተጻፈውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ትቀዳለች። ደመወዟን ትልካለች። ዘይቱ ወይም ትንቢቱ ይመጣላት ይሆናል። እኔ ግን ገንዘቧን ብቻ ያጣች አይመስለኝም። ስለ እግዚአብሔር የተማረችው ነገር ተበላሽቶባታል። ልጇ ሲታመም እግዚአብሔር ብር ያለውን ሰው እንጂ እርሷን እንደማይሰማ ታምናለች። የሰጪዋን ልግስና የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ፤ አሥራትና መባ የእምነታችን አካል ነው። መስጠት ለተቀበሉት ጸጋ ምስጋና ነው። ጸጋውን ለማግኘት እንደሚከፈል ዋጋ የቀረበ ጊዜ ግን የግያዝ ሩጫ ተጀምሯል።

አሁን ወደ ክብር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለና።

እኛ አክባሪ ሕዝብ ነን። ካህን ሲያልፍ ከመቀመጫችን እንነሣለን፣ መስቀል እንሳለማለን፣ ሽማግሌ ሲናገር እንሰማለን። ይህ መልካም ነገር ነው፣ ልናጣውም አይገባም። ነገር ግን ክብርን ከዝምታ ጋር አንድ ያደረገ አነጋገር በመካከላችን ገብቷል። አንድ አገልጋይ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ሥነ ምግባር ሲጠየቅ ወዲያው «የተቀባውን አትንካ» ይባላል። ጠያቂው ደንግጦ ይቀመጣል።

ቃሉ ከየት እንደመጣ እንመልከት። በመዝሙር 105፣ በግዕዙ ቁጥር 104፣ እና በ1ኛ ዜና መዋዕል 16 ይገኛል። መዝሙሩ እዚያ ቦታ ላይ የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት በነበረ ጊዜ፣ ርስት የሌላቸው እንግዶች ሆነው ከአገር ወደ አገር ሲንከራተቱ፣ እግዚአብሔር ስለ እነርሱ ነገሥታትን እንደገሠጸ ይተርካል። ከነዚያ ነገሥታት መካከል ሣራን ከባሏ ቤት የወሰዱት ፈርዖንና አቢሜሌክ ይገኛሉ። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ለባለ ሥልጣኖች ነው። ጠባቂ የሌለውን ስደተኛ ከጉልበተኛ እጅ የሚከልል ቃል ነው። እኛ ይህንኑ ቃል ጉልበተኛውን ከደካማው ጥያቄ ለመከለል ስናውለው ጋሻውን ከተጠቃው ወስደን ለአጥቂው ሰጥተናል።

ዳዊት ሳኦልን አልነካም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን 1ኛ ሳሙኤል 24ን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሳኦል 3,000 የተመረጡ ሰዎች ይዞ በዓይንጋዲ በረሃ ያሳድደዋል። ዳዊት በዋሻው ውስጥ ሊገድለው ሲችል የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ስለዚያም እንኳ ልቡ መታው። ከዚያስ ዝም አለ? ከዋሻው ወጥቶ ንጉሡን ጌታዬ ብሎ ጠራው፤ በምድር ላይ ተደፍቶ እጅ ነሣ። ከተነሣ በኋላም የተቆረጠውን ጨርቅ እያሳየ፣ ለምን እንደሚያሳድደው ጠየቀው፣ በእርሱና በንጉሡ መካከል እግዚአብሔር እንዲፈርድ ተናገረ። ሳኦል አለቀሰ፣ በደሉንም አመነ። ዳዊት ግን አብሮት ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም፤ ወደ አምባው ወጣ። እጅ መንሣቱ፣ እውነቱን መናገሩ፣ ራሱን ከሳኦል ጦር ማራቁ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን ተገኝተዋል። በመንፈሳዊ መሪ የተጎዳ ሰው «ይቅር ካልህ ለምን አትመለስም?» ተብሎ ሲወቀስ በሰማሁ ቁጥር ይህች አምባ ትታወሰኛለች።

ዳዊት ራሱ ንጉሥ ሆኖ በኦርዮ ላይ ግፍ ሲሠራ ደግሞ ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ገሠጸው። ዳዊት የተቀባ ነበር። ናታንም ያንን ያውቃል።

የራሳችን አገር ታሪክ ይህን ዓይነት ክብር ያውቀዋል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዓፄ ዓምደ ጽዮን ድንበር ያሰፉ፣ በጦር ሜዳ የታወቁ ንጉሥ ነበሩ። የገዳማቱ አባቶች ግን በጋብቻቸው ነገር ገሠጿቸው፤ የአባታቸውን ሚስት ወስደዋል የሚል ክስ ነበርና። አባ በጸሎተ ሚካኤልና አባ አኖሬዎስ ለዚህ ተግሣጽ ዋጋ እንደከፈሉ ገድሎቻቸው ይተርካሉ፤ አባ አኖሬዎስ በአደባባይ ተገረፉ፣ ብዙዎችም ተሰደዱ። የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስም ከስደቱ አላመለጡም። እነዚህ መነኮሳት ሠራዊት አልነበራቸውም። ዝም ቢሉ ከቤተ መንግሥቱ ርስትና ሞገስ ያገኙ ነበር። ንጉሡን ያከበሩት ለነፍሱ የሚያስፈልገውን በመንገር ነው፤ ዙፋኑን ግን አልተመኙም። መንፈሳዊ ሥልጣን የሌላውን ወንበር ሳይሻ ወደ ላይም መናገር ይችላል።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ በአንድ ክረምት የሆነ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ ደርግ ፈቃድ ጳጳሳት በመሾማቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ቀደም ብለው ታስረው ተፈትተዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድም ቀርቦላቸው ነበር። መውጣት መብታቸው ነበር፤ ያን ጊዜ የወጣውን ማንም ሊነቅፍ አይገባም፤ ብዙ መልካም አገልጋዮች ወጥተዋልና። እሳቸው ግን መንጋውን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ወደ 10 ዓመት በእስር ማቀቁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የሁለቱም አባቶች አፅም ተገኘ፤ ከራስ አሥራተ ካሳ ግቢ፣ ከዚያው መሬት ነው የወጣው። በትምህርተ ሃይማኖት የማይስማሙ የሁለት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ነበሩ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም፣ ላቃልለውም አልፈልግም። ነገር ግን ሁለቱም የቤተ ክርስቲያንን ነገር ለመንግሥት ቡራኬ አሳልፈው አልሰጡም፤ ሁለቱም ራሳቸውን ለማዳን ሥልጣናቸውን አልተጠቀሙበትም። ዛሬ ማዕረግን በተመለከተ የምንሟገት ሰዎች ማዕረግ በዚያ ክረምት ምን እንዳስከፈለ ብናስብ ንግግራችን ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ጊዜ መሪ መባል ከሁሉ አስቀድሞ መታሰር ማለት ነበር።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል የሚለው ይቀራል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ፣ ከቁጥር 17 ጀምሮ፣ ሁልጊዜ ለየብቻ የምናነባቸውን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። በመልካም የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች እጥፍ ክብር ይገባቸዋል ይላል፤ ይህም ኑሯቸውን ይጨምራል። ወዲያው ደግሞ በሽማግሌ ላይ የሚመጣ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይሰማ ያዝዛል፤ ስለዚህ አገልጋይ በወሬ ሊጠፋ አይገባም። በሚቀጥሉት ቁጥሮች ደግሞ ኃጢአት የሚሠሩት በሁሉ ፊት እንዲገሠጹ፣ ይህም ያለ አድልዎ እንዲሆን ይናገራል። ክብሩ፣ ጥበቃውና ተጠያቂነቱ ተያይዘው ቆመዋል። አንዱን መዝዘን ስናወጣ ሌላው ይበላሻል። ክስን ሁሉ የሚሰማ ጉባኤ አገልጋዮቹን ያስጨርሳል፤ ክስ የማይሰማ ጉባኤ ደግሞ ልጆቹን።

ይህ በተግባር የሚታይ ነገር ነው። ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደወሰደ፣ ከማን እጅ ጉቦ እንደተቀበለ እንዲመሰክሩበት ጠይቋል፤ ማንም ሳያስገድደው ሒሳቡን ከፈተ። የገዛ ልጆቹ በቤርሳቤህ ጉቦ ይበሉ ስለነበር ቤቱ ንጹሕ አልነበረም፣ እርሱ ግን መጠየቅን አልሸሸም። በቤተ ክርስቲያናችን የሒሳብ መርማሪው ዘገባ በምእመናን ፊት ይነበባል ወይ? አንዲት ወጣት በአገልጋይ የተበደለች እንደሆነ ከዚያ አገልጋይ ሌላ ማንን ታነጋግር? እነዚህን መጠየቅ አለማክበር አይደለም። መልስ የሚሰጥ ካለ ግን ሁለቱም ወገን፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም፣ ያርፋል።

ከሁሉ በላይ በዚያው ለጢሞቴዎስ በተጻፈው ምዕራፍ 5 በማንም ላይ ፈጥኖ እጅ እንዳይጫን ተነግሯል፤ የሚጭነውም ከሌላው ኃጢአት ጋር እንዳይተባበር። ይህ ቃል ለሾሙት ነው፤ ሲሾም ላጨበጨብነውም ይደርሰናል። አንድ ሰው ድምፁ ስላማረ፣ ትንቢቱ ስለደረሰ ወይም ብዙ ሰው ስለሰበሰበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሐዋርያ፣ ነቢይ፣ አባት ብለን የምንጠራው ከሆነ፣ በኋላ ለሚሆነው ድርሻ አለን። የሚሾመውን ሰው እንመርምረው፤ ስብከቱን ከመስማታችን በፊት ሰፈሩ ሄደን እንጠይቅ። ጳውሎስም በምዕራፍ 3 በውጭ ካሉት ሰዎች መልካም ምስክር እንዲኖረው ያዝዛል። ጎረቤቱን፣ ገንዘብ ያበደረውን ሰው፣ በተለይም በቤቱ የምትሠራውን ልጅ እናነጋግር፤ ደመወዟን በወሩ ታገኝ እንደሆነ፣ ስትታመም ማን እንደሚያስታምማት፣ ሲቆጣ እንዴት እንደሚጠራት እንጠይቃት።